መድኃኒት በየት ገብቶ በየት ይወጣል? አወሳሰዱን ከመንገዱ ማወቅ

«ከምግብ በፊት»፣ «ሳይታኘክ»፣ «ከምላስ ሥር»፣ «በየ8 ሰዓቱ»። በመድኃኒት ካርቶን ላይ የሚጻፉት እነዚህ ቃላት ለብዙ ሰው ሲመች የሚከበሩ፣ ሳይመች የሚታለፉ ምክሮች ይመስላሉ። እያንዳንዳቸው ግን መድኃኒቱ ሰውነት ውስጥ የሚገጥመውን አንድ በር ወይም አንድ መሰናክል አስበው የተጻፉ ናቸው። 500 ሚሊ ግራም የሚል ክኒን ተዋጠ ማለት 500 ሚሊ ግራም ደም ውስጥ ገባ ማለት አይደለም። እንደ አወሳሰዱ ግማሹ ሊባክን፣ ጭራሽ ሳይገባ ሊቀር፣ ወይም የ24 ሰዓቱ ድርሻ በአንዴ ሊለቀቅ ይችላል። መድኃኒት ሲሰጥዎ «በቀን ስንት ጊዜ?» ከማለትዎ በፊት «በየት በኩል ነው የሚገባው?» ብለው ይጠይቁ።

የሚዋጥ ክኒንና ካፕሱል

ጉሮሮን ከጨጓራ የሚያገናኘው የምግብ ቧንቧ ርዝመቱ 25 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ክኒን በምራቅ ብቻ ሲላክበት መንገድ ላይ ይለጠፋል፤ የካፕሱል ልባስማ ትንሽ ሲርስ እንደ ሙጫ ይይዛል። የተለጠፈው ፀረ ባክቴሪያው ዶክሲሳይክሊን ወይም ለአጥንት መሳሳት የሚታዘዘው አሌንድሮኔት ከሆነ እዚያው ሟሙቶ ግድግዳውን ያቆስላል። ማታ ጋደም ብሎ በአንድ ጉንጭ ውኃ ዶክሲሳይክሊን የዋጠ ሰው በማግሥቱ ምራቁን ሲውጥ እንኳ ደረቱን ቢያቃጥለው አይገርምም።

ቁጭ ወይም ቆም ብለው መጀመሪያ አንድ ጉንጭ ውኃ በመጠጣት ጉሮሮዎን ያርጥቡ። ክኒኑን ምላስዎ ላይ አድርገው በውኃ ይዋጡት፤ ከዚያ ብርጭቆውን ይጨርሱት፤ ከ200 እስከ 250 ሚሊ ሊትር መሆን አለበት። ካፕሱል ቀላል ስለሆነ አፍ ውስጥ ውኃው ላይ ይንሳፈፋል። ስለዚህ ራስን ወደ ኋላ ከመጣል ይልቅ አገጭን ወደ ደረት ዝቅ አድርጎ መዋጥ ይቀላል። ከላይ ከተጠቀሱት ከሁለቱ አንዱን የሚወስዱ ከሆነ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ አይጋደሙ።

ጨጓራ በአብዛኛው መድኃኒት የሚሟሟበት ቦታ ነው፤ ወደ ደም የሚገባበት ዋናው በር ቀጭኑ አንጀት ነው። ግድግዳው እጥፋት በእጥፋት ሆኖ በጣም ጥቃቅን ጣት መሰል ነገሮች ስለተሸፈነ ተዘርግቶ ቢለካ ወደ 30 ካሬ ሜትር ይሆናል። ስለዚህ ክኒን ቶሎ መሥራቱ ወይም መዘግየቱ ባብዛኛው የሚወሰነው ጨጓራ ወደ አንጀት በሚያሳልፍበት ፍጥነት ነው። በባዶ ሆድ ከውኃ ጋር የተዋጠ ፓራሲታሞል ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ባለው ጊዜ ደም ውስጥ ጣሪያው ላይ ይደርሳል። ሆድ እስኪነፋ ከበሉ በኋላ የተዋጠው ግን ወረፋ ይጠብቃል። «ክኒኑ አልሠራልኝም» ብሎ በ20 ደቂቃ ሌላ መድገም ስሕተት የሚሆነው ለዚህ ነው፤ የመጀመሪያው ገና ጨጓራ ውስጥ ነው።

ምግብ የሚረዳቸውና የሚያሰናክላቸው

«በባዶ ሆድ» ሲባል ከምግብ 1 ሰዓት በፊት ወይም ከምግብ 2 ሰዓት በኋላ ማለት ነው። የታይሮይድ ሆርሞን የሆነው ሌቮታይሮክሲን ከቁርስ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በፊት በውኃ ብቻ ይወሰዳል፤ ቡና እንኳ ይቀንሰዋል። ከአይረንና ከካልሲየም ክኒን ደግሞ 4 ሰዓት መራቅ አለበት።

ኦሜፕራዞል ከምግብ 30 ደቂቃ በፊት የሚባልበት ምክንያት ለየት ይላል። ይህ መድኃኒት ጨጓራ ውስጥ ወድቆ እዚያው አሲድ የሚያጠፋ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። እውነታው ዙሪያ ጥምጥም ነው፦ አሲድ እንዳያበላሸው ተሸፍኖ ጨጓራን ያልፋል፣ አንጀት ላይ ወደ ደም ይገባል፣ በደም ዞሮ ተመልሶ የጨጓራ ሕዋሳት ውስጥ ያሉትን የአሲድ ፓምፖች ይዘጋል። የሚዘጋው ደግሞ የሚሠራውን ፓምፕ ብቻ ነው፤ ፓምፖቹን የሚያነቃቸው ምግብ ነው። መድኃኒቱ ቀድሞ ደም ውስጥ ገብቶ ምግቡ ሲመጣ እንዲደርስባቸው ነው የ30 ደቂቃው ቀጠሮ። ከበሉ በኋላ ቃር ሲጀምር የሚዋጥ ኦሜፕራዞል ለዚያ ሰዓት ቃር ብዙም አይጠቅምም።

በተቃራኒው የወባ መድኃኒቱ አርቴሜተር-ሉሜፋንትሪን ቅባት ይፈልጋል። ሉሜፋንትሪን ውኃ ውስጥ ስለማይሟሟ ያለ ምግብ ከተወሰደ አብዛኛው ሳይመጠጥ ያልፋል። ወተትም ሆነ ቅባት ያለው ትንሽ ምግብ አብሮት ይውሰዱ።

ወተት ሁሉን ያስታግሳል የሚለው ልማድ ግን ከፀረ ባክቴሪያዎቹ ከሲፕሮፍሎክሳሲንና ከቴትራሳይክሊን ጋር ሲሆን ጉዳት ያመጣል። ወተት ውስጥ ያለው ካልሲየም፣ የአይረን ክኒንና የጨጓራ አሲድ ማርከሻ ውስጥ ያሉት ማግኒዥየምና አሉሚኒየም መድኃኒቱን ጨብጠው ይይዙታል፤ አንጀትም ሊመጥጠው አይችልም። ሰውዬው ፀረ ባክቴሪያውን ሳያቋርጥ ወስዶ ኢንፌክሽኑ አልለቀው ይላል። ሲፕሮፍሎክሳሲንን ከእነዚህ 2 ሰዓት ቀድመው ወይም 6 ሰዓት ዘግይተው ይውሰዱ።

የማይሰበሩና የማይፈጩ

ክኒን መዋጥ ለሚከብደው ሰው መፍጨት ቀላል መፍትሔ ይመስላል። ሁለት ዓይነት ክኒኖች ግን አይነኩም። አንደኛው አንጀት ደርሶ እንዲሟሟ የተሸፈነው ነው፤ ሽፋኑ ወይ ጨጓራን ከመድኃኒቱ፣ ወይ መድኃኒቱን ከአሲድ ይጠብቃል። ሁለተኛው ቀስ እያለ የሚለቅ ነው፤ ከስሙ ቀጥሎ ብዙ ጊዜ ኤስአር፣ ኤክስአር፣ ኢአር ወይም ኤልኤ የሚሉ ፊደላት አሉት። በአንዱ ክኒን ውስጥ የ12 ወይም የ24 ሰዓት ድርሻ ታጭቋል። ከተፈጨ ይህ ሁሉ ባንዴ ይፈስሳል፦ የግፊት መድኃኒቱ ኒፌዲፒን ከሆነ የደም ግፊት በድንገት ይወርዳል፣ ብርቱ የሕመም ማስታገሻው ሞርፊን ከሆነ መተንፈስ ሊቆም ይችላል።

መሃሉ ላይ የመስበሪያ መስመር ካለው በዚያው ላይ ለሁለት መክፈል ይቻላል፤ መፍጨትና ማኘክ ግን ሌላ ነገር ነው። አንዳንዶቹ ቀስ የሚለቁ ክኒኖች ደግሞ ባዶ ቅርፊታቸው ሳይሟሟ ከሰገራ ጋር ይወጣል። ይህን አይቶ «እንዳለ ወጣ» ብሎ መደንገጥ አያስፈልግም፤ መድኃኒቱ ወጥቶ ያለቀ ዛጎል ነው። መዋጥ የማይቻል ከሆነ የዚያው መድኃኒት ሽሮፕ ወይም ሌላ ዓይነት መኖሩን ፋርማሲስቱን ይጠይቁ።

ሽሮፕ፦ ሒሳቡን በሚሊ ግራም

የሽሮፕ ጣጣው ማንኪያው ላይ ነው። የቤት የሻይ ማንኪያዎች አንዱ ከሌላው በእጥፍ ሊበልጥ ይችላል። ከብልቃጡ ጋር የመጣውን መለኪያ ወይም መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ይጠቀሙ። ዱቄቱ ከታች የሚዘቅጥ ከሆነ ከመቅዳትዎ በፊት ይነቅንቁት፤ አለበለዚያ የመጀመሪያው ልጅ ውኃ፣ የመጨረሻው ልጅ ዝቃጩን ይጠጣል።

ለልጅ ፓራሲታሞል በአንድ ጊዜ የሚሰጠው በክብደት ነው፤ ለእያንዳንዱ ኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም። 12 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ቢበዛ 12 ሲባዛ በ15፣ 180 ሚሊ ግራም ይወስዳል። ብልቃጡ «120 ሚሊ ግራም በ5 ሚሊ ሊትር» ካለ 180 ሚሊ ግራም የሚገኘው በ7.5 ሚሊ ሊትር ነው። አሁን ያው ብልቃጥ አልቆ ሌላ ሲገዛ «250 ሚሊ ግራም በ5 ሚሊ ሊትር» የሚል መጣ እንበል። በለመዱት 7.5 ሚሊ ሊትር ከሰጡት ልጁ 375 ሚሊ ግራም ወሰደ፤ ከእጥፍ በላይ ነው። ትክክለኛው 3.6 ሚሊ ሊትር ነበር። ስለዚህ ብልቃጥ በተቀየረ ቁጥር ጽሑፉ ይነበብ።

የጉበት ኬላና ከምላስ ሥር ያለው አቋራጭ

ከአንጀት የተመጠጠ ነገር ሁሉ በቀጥታ ወደ መላ ሰውነት አይሄድም። ደሙ ተሰብስቦ በአንድ ትልቅ ሥር በኩል በቅድሚያ ጉበት ይገባል፤ ጉበት ደግሞ እንደ ኬላ ፈታሽ ነው፤ የማያውቀውን ነገር ቆራርጦ ነው የሚያሳልፈው። ሞርፊን ሲዋጥ ከኬላው አልፎ ደም የሚደርሰው ሲሶ ገደማ ነው። የሚዋጠው ሞርፊን ቁጥሩ በመርፌ ከሚሰጠው የሚበልጠው ለዚህ ነው፤ ስለዚህ ሁለቱን መጠኖች መለዋወጥ አደጋ አለው።

ናይትሮግሊሰሪን ይህን ኬላ ፈጽሞ አይሻገርም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ለልብ ሕመም የደረት ጭንቀት ሲወሰድ ከምላስ ሥር ይቀመጣል፤ እዚያ ያሉት ስስ ሥሮች ጉበትን ሳይነኩ በቀጥታ ወደ ልብ ያደርሱታል። ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ውስጥ መሥራት ይጀምራል። አወሳሰዱ፦ ቁጭ ይበሉ፤ የደም ግፊት ስለሚያወርድ ቆመው ከወሰዱት ሊወድቁ ይችላሉ። አፍዎ ደረቅ ከሆነ በውኃ ያርጥቡት። ክኒኑን ከምላስ ሥር አድርገው እስኪሟሟ ይተዉት፤ አያኝኩት፣ አይዋጡት፣ ውኃም አይጠጡበት። በ5 ደቂቃ ውስጥ ካልተሻለዎት የአስቸኳይ ሕክምና ይጥሩ። ለወንድ ብልት መቆም ከሚታዘዙት ሲልዴናፊልን በ24 ሰዓት፣ ታዳላፊልን በ48 ሰዓት ውስጥ የወሰደ ሰው ይህን ክኒን መውሰድ የለበትም፤ ግፊቱ ለሞት በሚያበቃ ደረጃ ሊወርድ ይችላል። ክኒኑን ከመጣበት የጨለመ የመስታወት ጠርሙስ አውጥቶ በሌላ ዕቃ መያዝ ኃይሉን ያሳጣዋል።

ኢንሱሊን በክኒን የማይሰጠው ደግሞ ሌላ መሰናክል ስላለ ነው። ፕሮቲን ነው፤ ጉበት ከመድረሱ በፊት ሆድ እንደ ሥጋ ይፈጨዋል። ስለዚህ ከቆዳ ሥር ባለው ስብ ውስጥ ይወጋል። ከሆድ ላይ ሲወጋ ቶሎ ይመጠጣል፤ ከጭንና ከመቀመጫ ይዘገያል። ከእምብርት 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቀው ይወጉ፤ በእያንዳንዱ ጊዜ ካለፈው ቦታ ቢያንስ 1 ሴንቲ ሜትር ያርቁ። እስክሪብቶ በሚመስለው መወጊያ (ፔን) ከሆነ ተጭነው ከጨረሱ በኋላ መርፌውን ለ10 ሰከንድ አያውጡ፤ ያለዚያ ጠብታው ቆዳው ላይ ይቀራል። አንድ ቦታ ሲደጋገም ከቆዳው ሥር ይጠጥራል፤ እዚያ የተወጋ ኢንሱሊን አንድ ቀን ይዘገያል፣ ሌላ ቀን ይፈጥናል፣ ስኳሩም ያለ ምክንያት የሚዋዥቅ ይመስላል። ቦታውን በጣት እየዳበሱ ይፈትሹ።

የዓይን ጠብታ

ከሁሉም አወሳሰድ የሚናቀው ይህ ነው። አንድ ጠብታ ከ30 እስከ 50 ማይክሮ ሊትር ይሆናል፤ ዓይን ቢበዛ የሚይዘው 30 ገደማ ነው። ስለዚህ ሁለተኛ ጠብታ መደረብ ጉንጭን ከማርጠብ አያልፍም። የተረፈው በአፍንጫ በኩል ባለው የዓይን ጥግ ያለችውን ቀዳዳ ተከትሎ ወደ አፍንጫ ይወርዳል። ጠብታ አድርገው ጉሮሮዎ ላይ የሚመር ነገር ከቀመሱ መንገዱን ራስዎ አገኙት ማለት ነው። ከአፍንጫው ስስ ቆዳ ወደ ደም ይገባል፤ ያውም የጉበትን ኬላ ሳያይ። ለግላኮማ የሚታዘዘው ቲሞሎል በዚህ መንገድ ገብቶ የልብ ምትን ሊቀንስና አስም ያለበትን ሰው ትንፋሽ ሊያሳጥር ይችላል። አስም ያለበት ሰው ለዓይን ሐኪሙ መናገር ያለበት ለዚህ ነው።

እጅዎን ይታጠቡ። ራስዎን ወደ ኋላ አዘንብለው ወደ ላይ ይመልከቱ፤ የታችኛውን የዓይን ቆብ በጣትዎ ሳብ ሲያደርጉት ትንሽ ኪስ ይፈጠራል። የብልቃጡ ጫፍ ምንም ሳይነካ አንድ ጠብታ ኪሱ ውስጥ ያድርጉ። ዓይንዎን በቀስታ ይጨፍኑ፤ አይጨምቁት፣ አያርገብግቡት። በአፍንጫ በኩል ያለውን ጥግ በጣት ጫፍ ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ጫን ብለው ይያዙ። ሁለት ዓይነት ጠብታ ካለ በመካከላቸው 5 ደቂቃ ይጠብቁ፤ የዓይን ቅባት ካለ መጨረሻ ላይ ይሁን፤ ቀድሞ ከገባ ጠብታውን አያስገባም። ብልቃጡ ከተከፈተ ከ4 ሳምንት በኋላ፣ መመሪያው ሌላ ካላለ በቀር፣ ይጣላል።

ኢንሄለር

ተጭነው ከሚረጩት ኢንሄለሮች በደንብ በሚጠቀም ሰው እጅ እንኳ ሳንባ የሚደርሰው ከ10 እስከ 20 በመቶ ያህሉ ነው፤ የቀረው አፍና ጉሮሮ ላይ ይለጠፋል። ስለዚህ ትንሽ ስሕተት ጠቅላላውን ያሳጣል። ክዳኑን አውልቀው ይነቅንቁት። መጀመሪያ ትንፋሽዎን ወደ ውጭ አውጥተው ይጨርሱ። አፉን በከንፈርዎ ገጥመው ቀስ ብለው መሳብ ሲጀምሩ ይጫኑ፤ ሳያቋርጡ ሳንባዎ እስኪሞላ ይሳቡ፤ ለ10 ሰከንድ ያምቁ። ሁለተኛ ካለ ከ30 ሰከንድ እስከ 1 ደቂቃ ቆይተው እንደ አዲስ ይነቅንቁ። መስታወት ፊት ቆመው ይሞክሩት፤ ከአፍዎ ዳር ጉም ሲወጣ ካዩ መሳቡና መጫኑ አልተገጣጠሙም። ለዚህ ኢንሄለሩ አፍ ላይ የሚገጠመው፣ ስፔሰር የሚባለው መያዣ ይረዳል።

የዱቄት ኢንሄለር በተቃራኒው ነው፦ አይነቀነቅም፣ አሳሳቡም ፈጣንና ኃይለኛ መሆን አለበት፤ ዱቄቱን የሚበትነው የእርስዎ ትንፋሽ ነውና። ስቴሮይድ ያለበት ከሆነ ሁልጊዜ አፍዎን ተጉመጥምጠው ውኃውን ይትፉ፤ አለበለዚያ ምላስ ላይ ነጭ ፈንገስ ይወጣል።

በቆዳ የሚለጠፍና በፊንጢጣ የሚገባ

የሚለጠፍ መድኃኒት ቆዳን ቀስ ብሎ ይሻገራል፤ ብርቱ የሕመም ማስታገሻ የሆነው የፌንታኒሉ 72 ሰዓት ይቆያል። ቅባት ያልተቀባ፣ ደረቅና ያልቆሰለ ቆዳ ላይ ለጥፈው በመዳፍዎ 30 ሰከንድ ይጫኑት። አዲሱን ከመለጠፍዎ በፊት አሮጌውን ያንሱ፤ ሁለቱ አብረው ተረስተው መመረዝ ያመጣሉ። ሙቀት አሳላፊነቱን ስለሚጨምር የሙቅ ውኃ ላስቲክ አይደገፉበት። ያለቀ የሚመስለው ልጣፍ ውስጥ ሕፃን የሚገድል ቀሪ መድኃኒት አለ፤ የሚያጣብቀውን ወደ ውስጥ አጥፈው ልጅ በማይደርስበት ያስወግዱ።

በፊንጢጣ የሚገባው ለሚያስመልሰው ወይም ራሱን ለሳተ ሰው ይሆናል። በግራ ጎን ተኝቶ ጉልበት ታጥፎ ለአዋቂ 2.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይገባል፤ ከዚያ 15 ደቂቃ ሳይነሡ መቆየት ነው። ሙቀት ካለሰለሰው ሳይፈታ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ይንከሩት።

ደም ውስጥ ከገባ በኋላ

ደም በደቂቃ አንድ ጊዜ ያህል ሰውነትን ይዞራል፤ መድኃኒቱም ከዚያ ጋር ሁሉ ቦታ ይደርሳል፤ የታመመውን ቦታ መርጦ አይሄድም። አንጎል ግን የራሱ በረኛ አለው። ክሎርፌኒራሚን የተባለው የአለርጂ መድኃኒት በረኛውን ያልፍና ያስተኛል፤ ሎራታዲን በብዛት ስለማያልፍ እንቅልፉ ያንሳል። መኪና ለሚነዳ ሰው ልዩነቱ ትልቅ ነው።

ጉበት የሚፈጨው በኢንዛይሞች ነው፤ እነዚህን ሌላ ነገር ሊያበረታቸው ወይም ሊያስራቸው ይችላል። የቲቢ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን ያበረታቸዋል፤ የእርግዝና መከላከያ ክኒን ቶሎ ይፈጭና ይከሽፋል። ሪፋምፒሲኑ ካለቀ በኋላም ለ4 ሳምንት ሌላ መከላከያ ያስፈልጋል። የግሬፕፍሩት ጭማቂ ደግሞ አንጀት ላይ ያለውን ኢንዛይም ያስራል፤ የኮሌስትሮል መድኃኒቱን ሲምቫስታቲንን የሚወስድ ሰው መድኃኒቱ ደሙ ውስጥ ይከማችበትና ጡንቻው ይጎዳል።

ፓራሲታሞል ለአዋቂ በ24 ሰዓት ከ4 ግራም፣ ማለትም ከ8 ባለ 500 ክኒኖች፣ አይበልጥም። ጉበት ሲፈጨው ትንሽ መርዛማ ቅሪት ይወጣል፤ ጉበት ራሱ ባዘጋጀው ማርከሻ ያመክነዋል። ሲበዛ ማርከሻው ያልቅና መርዙ ጉበትን ይበላል። አደገኛው ነገር በመጀመሪያው ቀን ምንም ላይሰማ መቻሉ ነው፤ ለዚህ መመረዝ የሚሰጠው አሴቲልሲስቴይን የተባለው መድኃኒት ደግሞ ይበልጥ የሚበጀው በ8 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። የጉንፋን ቅልቅሎች ውስጥ ፓራሲታሞል መኖሩን ካርቶኑ ላይ ያረጋግጡ፤ ሳያውቁት ሁለት ጊዜ እንዳይወስዱት።

መውጫውና የሰዓቱ ነገር

ኩላሊት በደቂቃ 125 ሚሊ ሊትር፣ በቀን ወደ 180 ሊትር ያጣራል። በዕድሜና በሕመም ይህ ሲቀንስ በሽንት የሚወጡት የስኳር መድኃኒቱ ሜትፎርሚን፣ የልብ መድኃኒቱ ዲጎክሲንና ፀረ ባክቴሪያው ጀንታማይሲን ይጠራቀማሉ። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ይህን ለሚያዝለት ሁሉ መናገር አለበት።

አንድ መድኃኒት ደም ውስጥ በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ ግማሽ ዕድሜው ይባላል። 6 ሰዓት ቢሆን፣ 400 ሚሊ ግራሙ በ6 ሰዓት 200፣ በ12 ሰዓት 100፣ በ18 ሰዓት 50፣ በ24 ሰዓት 25፣ በ30 ሰዓት 12.5 ይሆናል። ከአምስት ግማሽ ዕድሜ በኋላ የቀረው 3 በመቶ ገደማ ነው። በየቀኑ ሲወሰድም ደም ውስጥ ረግቶ ለመቆም ያንኑ አምስት ይፈልጋል። የግፊት መድኃኒቱ አምሎዲፒን ግማሽ ዕድሜው ከ30 እስከ 50 ሰዓት ስለሆነ በሁለተኛው ቀን ግፊት ለክቶ «አልሠራም» ማለት አይቻልም፤ ሳምንት ያልፈዋል። ሌቮታይሮክሲን 7 ቀን ነው፤ መጠኑ ከተቀየረ በኋላ የደም ምርመራው ከ6 ሳምንት በፊት የማይደገመው ለዚህ ነው።

«በቀን 3 ጊዜ» የተባለ ፀረ ባክቴሪያ በሚነቁበት ሰዓት ብቻ ከተደረደረ ሌሊቱን ደሙ ባዶ ይሆናል። በየ8 ሰዓቱ ከሆነ ጠዋት 1 ሰዓት፣ ከቀኑ 9 ሰዓት፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ይገጥማል። አንዱ ከተረሳ በአብዛኛው ደንቡ ይህ ነው፦ ከሁለቱ ሰዓታት መካከል ግማሹ ካላለፈ ወዲያው ይውሰዱ፤ ካለፈ ትተው በቀጣዩ ሰዓት አንዱን ብቻ ይውሰዱ፤ ለማካካስ አይደርቡ። የእርግዝና መከላከያ ክኒንና የደም ማቅጠኛው ዋርፋሪን የየራሳቸው ደንብ ስላላቸው በዚህ አይሄዱም። ለመገጣጠሚያ ሕመም የሚታዘዘው ሜቶትሬክሴት በሳምንት አንድ ቀን ብቻ የሚወሰድ ነው፤ በስሕተት በየቀኑ የወሰዱት ሰዎች ሞተውበታል። የሚወስዱበትን ቀን ስም በካርቶኑ ላይ በትልቁ ይጻፉት።